የማንግ ሱጋንዳ ፔ

ማንግ ሱጋንዳ በር ይሠራሉ። በር፣ መስኮት፣ አልፎ አልፎም ለመስጊድ የጫማ መደርደሪያ። እዚህ ኡጁንግብሩንግ፣ ከባንዱንግ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከገበያው ጀርባ ካሉት ቤቶች የግማሾቹ በር የእሳቸው ሥራ ነው። የሰፈሩ ሁሉ አጎት ስለሆኑ ትንሽ ትልቁ ማንግ ይላቸዋል። የእኛንም በር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ያብጥና አልዘጋም ይላል። እናቴ ሄዳ ስትነግራቸው፣ "እንጨት ነው፣ ይተነፍሳል" አሏት። ከዚያም በኋላ ብዙ ክረምት ተነፈሰ።

በር ሲሠሩ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። የት እንደሆነ ለማወቅ ወርክሾፓቸው ገብቶ የኋላውን ግድግዳ ማየት ይበቃል። ከመጽሔት የተቆረጡ ጊታር መቺዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተለጥፈዋል፤ ጸጉራቸው ወገባቸው የደረሰ፣ ሱሪያቸው የጠበበ፣ ፊታቸው መንጋጋውን እንደሚያመው ሰው የተጨማደደ ፈረንጆች። አንዱ ሁለት አንገት ያላት ጊታር ይዟል። የሌላው ጊታር ጭንቅላት የላትም። አንዷ እንደ ኮከብ ሹል በሹል ናት፣ አንዷ እንደ ሻንጣ እጀታ አላት፣ አንዷ ደግሞ እንደ መስታወት ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ታሳያለች። ማንግ ሱጋንዳ የሰዎቹን ስም አንዳንዴ ይረሱታል። የጊታሮቹን ግን ረስተው አያውቁም።

ባለቤታቸው ቢ ኤሮህ፣ ቢ ማለት አክስት ነው፣ እዚያው ወርክሾፑ በራፍ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። የእኛና የእነሱ ቤት አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ የባልና ሚስቱን ወሬ ሳልፈልግም እሰማለሁ።

"ኤሮህ፣ ነይ እስቲ የዚህን ሰውዬ እጅ እዪልኝ።"

"አየሁት። ጸጉሩን የሚያጥብለት ሰው የለም?"

"በአንድ ትንፋሽ ስንት ድምፅ እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ማወቅ የምፈልገው አንተ በአንድ ወር ስንት በር እንደምታወጣ ነው።"

አርብ ከስግደት በኋላ የተዋሱትን የኮንሰርት ቪዲዮ ካሴት ከጎረቤት ጋር ያያሉ። ሌላው ሰው የመቺውን ጣት ያያል። ማንግ ሱጋንዳ ማቆሚያውን ይጫኑና፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው፣ አንገቷ ከሆዷ ጋር የተጋጠመችበትን ቦታና የማንገቻዋ ቁልፍ የገባበትን ጎን ያጠናሉ። መቺው ብቻውን የሚመታበት ሶሎ መሃል ላይ ይቆማል፣ ሰውየው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። መንገዱ ጥግ ላይ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ የሚጠብሰው ጎረቤታችን ኮሳሲህ ሁልጊዜ ይጮኻል፦

"ኧረ ልቀቀው አንተ ሰውዬ! ታንቆ ሊሞትብህ ነው!"

"ቆይ፣ ብሎኗን ልያት።"

"ብሎኗን ነገም ታያታለህ። እሱ ግን ነገ አይደርስም።"

ራሳቸው አይመቱም። በወጣትነታቸው መጋዝ ከግራ እጃቸው የሁለት ጣቶችን ጫፍ ወስዶባቸዋል። ስለዚህ ይሠራሉ። በርካታ ጊታሮች ሠርተዋል፤ የሚገዟቸው ግን ተማሪዎች ናቸው። ልጁ ያቺኑ የለመዳትን ዜማ ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ ያገባል። አንዷ ጊታራቸው ዛሬ ከመስጊዱ ማዶ የዶሮ ቤት በር ትደግፋለች። ማንግ ሱጋንዳ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ መስጊዱ ያዞራሉ።

አንድ ቀን ሩዝ እየበሉ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

"የሚችል ሰው የኔን ጊታር መድረክ ላይ ሲመታት አንዴ ልስማ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ በር እንጂ ሌላ አልሠራም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ።"

ቢ ኤሮህ ሩዛቸውን ጨረሱ። "እንግዲህ ያ ሰው ቶሎ ይምጣ" አሉ።

የሚችለው ሰው ካንግ፣ ታላቅ ወንድም፣ የምንለው ጉሚላር ነበር። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ስለሚሠራ ጥፍሮቹ አንድ ሳምንት ሰማያዊ፣ አንድ ሳምንት ቀይ ናቸው። ጊታር ሲይዝ ጣቶቹ አይታዩም፤ የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው። ፑሳካ የሚባል ባንድ አለው። በከተማው ምሥራቅ ካሉት መቺዎች ማን ይበልጣል ተብሎ ክርክር ሲነሳ፣ ስለ ሁለተኛው ነው የሚከራከሩት።

በዚያን ጊዜ በእኛ መንገድ ስልክ የነበረው የሰፈሩ ሹም ቤት ብቻ ነበር። ማንግ ሱጋንዳ ተጠርተው ሄዱ። ከስልኩ ማዶ የፋብሪካው ማሽን ይጮኻል፣ ጉሚላር ከማሽኑ በላይ ይጮኻል።

"ማንግ! በሚመጣው ወር እሁድ ኳስ ሜዳው ላይ ትልቅ መድረክ አለን። ጊታር ይሥሩልኝ።"

ማንግ ሱጋንዳ ቁጭ አሉ። ወንበር አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጡት።

"ምን ዓይነት?"

"ፔ!"

"ምን ፔ?"

"ፔ ናታ፣ ፊደሏ! ጥቁር፣ ትልቅ፣ ልክ ፔን የምትመስል። እዚህ አገር ማንም ያልያዛት።"

"የቱ ፔ?"

"ምን የቱ ፔ አለ ማንግ! የፔስፓዋ ፔ!"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከላቲን ፊደሎች መሃል ሁለት እጇን ወደ ላይ የከፈተች V አለች፣ ስሟ ፌ ነው። በአንድ እግሯ ቆማ ሆዷን ወደ ፊት የነፋች P ደግሞ አለች፣ ስሟ ፔ ነው። እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች፣ ሱንዳዎች፣ ሁለቱን ለይተን እናነባለን፣ አብዛኛውን ጊዜም ለይተን እንጽፋለን። ስንጠራቸው ግን ሁለቱም ፔ ናቸው። ከንፈራችን እንዲህ ነው የተፈጠረው፤ በዚህ ምክንያት ሐኪም ቤት የሄደ ሱንዳ የለም።

ከሹሙ መስኮት ማዶ የማንግ ሱጋንዳ ቬስፓ ቆማ ነበር። ከአባታቸው የወረሷት ሞተር ናት። ስሟ የተጻፈባት ብረት ድሮ ወልቃ ስለጠፋች፣ ማንግ ሱጋንዳ በነጭ ቀለም፣ በራሳቸው እጅና በራሳቸው አጠራር ፔስፓ ብለው እንደገና ጽፈውላታል። የመጀመሪያዋ ፊደል ሆዷን ነፍታ በመስኮቱ ታየቻቸው።

"ገባኝ" አሉ።

በእርግጥ ሁለት እጇን የከፈተች ጊታር መኖሯን ያውቃሉ። ማንም ያውቃታል፤ ግድግዳቸው ላይም ከአንድ ፈረንጅ ጋር አለች። እሳቸው ግን እሷን ከጥንት ጀምሮ "መቀስ" ነው የሚሏት። ጉሚላር መቀስ ቢፈልግ መቀስ ይል ነበር። ደግሞም የባንዱ ስም ፑሳካ ነው፤ በፔ ይጀምራል። ሁሉም ነገር ገጠመላቸው።

እንጨቱን ከአልጋቸው ሥር አወጡ። የአባታቸው ጓሮ የነበረችው ናንግካ የምትባል ባለ ትልልቅ ፍሬ ዛፍ ስትቆረጥ ካስቀሯቸው ሳንቃዎች አንዷ ናት፤ ለበር አትሆንም ብለው ዘመን ሙሉ አድርቀዋታል። ፔን በከሰል ሳሏት፣ አዩዋት፣ ከዚያ ወረቀቱን ዘቀዘቁት። እግሯ አንገት ሆነ፣ ሆዷም ሆድ። ፊደሏ መጀመሪያውኑ ጊታር ነበረች።

"ኤሮህ፣ ይህን እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ማንም አላሰበውም።"

"ለምን ይመስልሃል?"

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሆዷ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ቀላል ነው፣ አንገቷ ደግሞ ረጅም ነው። አንግተዋት እጅ ሲለቋት በአፍንጫዋ ትደፋለች። ማንግ ሱጋንዳ ሁለት ቀን ሲያስቡ ከቆዩ በኋላ ሆዷን ከጀርባ ፈልፍለው አንድ ነገር ቀበሩባትና በእንጨት ደፈኗት። ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብላ ቆመች። በዚያው ሳምንት የቢ ኤሮህ የሽንኩርት ሚዛን ኪሎ ጠፋ። ቢ ኤሮህ ኮሳሲህን ጠረጠሩ። ኮሳሲህም ራሱን ተጠራጠረ፤ ቶፉ መጥበሻው ሥር ሳይቀር ፈለገ።

ከእሁዱ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ካንግ ጉሚላር መጣ። ፈረቃው ስለማይመቸው እስከዚያ ቀን ጊታሯን አላያትም። ከእሱ ጋር ቤዝ የሚመታለት ትሪዮኖ ነበር፤ ከሶሎ ከተማ የመጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ሱንዳ ያልሆነ የጃቫ ልጅ። እኔ በራፉ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ ማንግ ሱጋንዳ አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል። ጊታሯን በንጹሕ ሽርጥ ሸፍነዋታል። ሽርጡን ገለጡት።

ጥቁር፣ የምታበራ፣ እንከን የሌላት ፔ።

ጉሚላር ጊታሯን ዞሮ አያት። "ማንግ" አለ፣ "ይቺ ምንድን ናት?"

"ፔ።"

"እኔ እኮ ፔ ነበር ያልኩዎት።"

"ፔ ናት።"

"አዎ ይቺ ፔ ናት! እኔ የፈለግኩት ፔ!"

"ይኸው ፔ!"

"ፔ አይደለም ማንግ፣ ፔ! ፔ!"

ኮሳሲህ ጩኸቱን ሰምቶ መጥበሻውን ትቶ መጣ። "ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው" አለ ለቢ ኤሮህ፣ "የሚያጣላቸው ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ኪሎዬን መልስ።"

ትሪዮኖ አንገቱን ደፋ አድርጎ ወደ ፊት ቀረበ፤ እሱ ማንግ ሳይሆን ፓክ፣ አባት፣ ነው የሚላቸው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ፓክ። ካንግ ጉሚላር ሊሉ የፈለጉት... ፌ ነው።" የታችኛውን ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ፣ ለሕፃን እንደሚያስተምር ሰው፣ እንደገና አለው። "ፌ።"



"ታዲያ እሱን አይደል እንዴ ያልኩት!" አለ ጉሚላር። "ፔ!"

ማንግ ሱጋንዳ ወደ መንገዱ ዞር ብለው ሞተራቸውን አዩ። ብዙ አዩዋት። ከዚያ "መቀስ ነው የፈለግከው" አሉ።

"መቀስ ደግሞ ምንድን ነው?"

በጣታቸው አሳዩት። ጥጉ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት እጇን የከፈተች ጊታር ተሰቅላለች። በወጣትነታቸው የሠሯት ናት። ቢ ኤሮህ የተጎነጎነ ሽንኩርት የሚሰቅሉባት እሷ ላይ ነው፤ ሁለት እጅ ስላላት ብዙ ትይዛለች። ጉሚላር ፊቱ በራ። ወንበር ላይ ወጥቶ ሽንኩርቱን አወረደ፣ አቧራዋን ጠረገ፣ ከትንሿ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኛትና አነገታት። ኮሳሲህ፣ "ወይ ጉድ፣ ልክ ግድግዳው ላይ እንዳለው ሰውዬ! ጸጉሩ ብቻ ነው የቀረህ" አለ። እውነቱን ነው፣ ያምርበት ነበር።

ከዚያ መታት። ከታች በኩል ደህና ነበረች። ጣቱ ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ። ቃኛት፣ ደግሞ መታት፣ ደግሞ ሄደ።

"እንጨቱ እርጥብ ነበር" አሉ ማንግ ሱጋንዳ። "አላወቅኩም ነበር ያኔ። አንገቷ ተጠማዝዟል።"

"የእሁዱ መድረክ አንድ ነው ማንግ። ሰው ይስቅብኛል" አለ ጉሚላር ፔን እያየ።

"ይስቅብሃል" አሉ ማንግ ሱጋንዳ።

ያንን ሁሉ ዘመን ጠብቀው፣ ሰውየው ቤታቸው ገብቶ፣ አንዲት ቃል እንኳ አልለመኑትም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ሲነካኩ ብቻ አየሁ።

ትሪዮኖ ነው ነገሩን ያነሳው። "ዓይናችንን ጨፍነን ብንሰማስ?" አለ። ሁላችንም ጨፈንን። ኮሳሲህም ጨፈነ፤ መጥበሻው ላይ የቀረው ቶፉ የዚያን ጊዜ ነው ያረረው። ጉሚላር ፔን ሲመታት፣ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ሳይሆን ድምፁ እንዴት እንደሚቆይ ነው። ሌላ ጊታር ላይ የሚጠፋበት ቦታ ደርሶ አይጠፋም፤ ቆሞ ዙሪያውን አይቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዓይኔን ስገልጥ ጉሚላር ራሱ ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር።

"ይሄ አይቆጠርም" አሉ ቢ ኤሮህ በችኮላ። "መድረክ ላይ ነው የተባለው።"

"ሁለቱንም እወስዳለሁ" አለ ጉሚላር። "እዚያው እወስናለሁ።"

እስከ እሁድ ማንግ ሱጋንዳ ምግብ አልቀመሱም። ቢ ኤሮህም ሩዙን አቅርበው መልሰው ያነሳሉ።

እሁድ ኳስ ሜዳው ጥቁር በለበሰ ወጣት ተሞላ። ፑሳካ ሊወጣ ሲል የከሰዓት በኋላው የሶላት ጥሪ፣ አዛኑ፣ ተሰማና ሁሉም ነገር ቆመ። ያ ሁሉ ጸጉራም ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ በላስቲክ የታሰረ ጣፋጭ ሻይ እየጠጣ ጠበቀ። ጉሚላር ከመጋረጃው ኋላ ከሁለት ጊታር ጋር ነው። ማንግ ሱጋንዳ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ቆመዋል፤ ከስግደት መልስ ፊታቸው ገና እርጥብ ነበር። ቢ ኤሮህ አጠገባቸው፣ እኔ ከቢ ኤሮህ ኋላ።

መጋረጃው ተከፈተ። ጉሚላር ፔን አንግቶ ወጣ።

ከዚያ ከመሃል አንዱ "ጭልፋ!" አለ።

"ጭልፋ! ጭልፋ!" አለ ሜዳው።

"ሾርባው አረረ ካንግ፣ ቶሎ አማስለው!"

"ለኔም ጨምርልኝ! ሥጋ ያለበትን!"

ጉሚላር ሁለቱንም እጁን ከጊታሯ ላይ አንስቶ ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። ፔ በአፍንጫዋ አልተደፋችም፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ገባ። ከበሮው ተከተለው፣ ትሪዮኖ ተከተለው። ሜዳው "ጭልፋ" ማለቱን አልተወም፤ ግን እያደር ከከበሮው ጋር እኩል ይለው ጀመር፣ ቀጥሎም እጁን እያነሳ፣ በስተመጨረሻ የሚወዱትን ሰው ስም የሚጠሩ ይመስል ነበር። ሶሎው ሲደርስ ጩኸቱም ቀረ። የጉሚላር ጥፍር ያን ሳምንት ቀይ ነበር። አንዲት ድምፅ ወደ ላይ ሳባትና እዚያው ተዋት። ሄደች፣ ሄደች፣ ከሜዳው ማዶ ካሉት ቤቶች ጣሪያ በላይ ደርሳም አላለቀችም።

ቢ ኤሮህ መድረኩን አያዩም ነበር። የባላቸውን ግራ እጅ ነው የሚያዩት። ጫፍ የሌላቸው ሁለት ጣቶች ሽርጡ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ የማይደርሱበት ቦታ ለመድረስ።

ሲያልቅ "ሰማህ?" አሉ።

"ሰማሁ።"

"እና?"

"ሦስተኛዋ ክር ትንሽ ጥዝዝ ትላለች።"

ጉሚላር ኋላ ላይ መቀሷን የተዋት ሽንኩርት ሸትታ ዓይኑን ስላቃጠለችው መሆኑን ተናገረ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም።

ከሰኞ ጀምሮ ማንግ ሱጋንዳ በር ሠሩ። መሐላ መሐላ ነው። የወርክሾፑን ግድግዳ አልነኩትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ብቻ ይሠሩ ነበር። አርብ ቪዲዮ አላዩም። ልባቸው ከእጃቸው ጋር ስለሆነ በሮቹ ሁሉ በደንብ ይዘጉ ነበር። የእኛንም ሳንጠይቃቸው መጥተው አስተካከሉት፤ ዝናብ መጣ፣ አላበጠም፣ አልተነፈሰም። እናቴ በሩን ከፍታ ዘጋችው፣ ደግሞ ከፍታ ዘጋችው። "ምን ሆነዋል ግን ሰውየው?" አለች።

ጥቁር የለበሰ አንድ ወጣት ደጋግሞ ይመጣ ነበር። "ማንግ፣ እንደ ካንግ ጉሚላር ያለችውን..." ይላል። "እኔ በር ነው የምሠራው" ይሉታል። ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ከግድግዳው ማዶ የሩዝ ሽታ መጣ፤ ለሁለት ሰው የማይሆን ብዙ ሩዝ። ብወጣ ቢ ኤሮህ በራፉ ላይ ሩዙን ከዓሣ ጋር በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላሉ።

"ማን ሞተ?" አሉ ማንግ ሱጋንዳ ከመጋዛቸው ቀና ብለው።

"ማንም አልሞተም። ኡስታዙን ጠይቄ ነው። መሐላ ለሚያፈርስ ሰው አሥር ድሃ ማብላት ነው አሉኝ። በበርህ ገንዘብ ነው የገዛሁት፣ ያንተ ነው። ዘጠኝ ሰው አግኝቻለሁ።"

"ማን መሐላ አፈረሰ?"

"እስከ ማታ ታፈርሳለህ።"

"በሮቹ ምን ሆኑ ኤሮህ? እንዲዘጉ አይደል የፈለግሽው?"

"በሮቹ ደህና ናቸው። የተዘጋኸው አንተ ነህ።"

ኮሳሲህ ከጥግ ጮኸ። "አሥረኛው ድሃ እኔ ነኝ!"

"አንተ ቶፉ አለህ።"

"ቶፉ አለኝ፣ የሚበላልኝ ነው ያጣሁት!"

ቢ ኤሮህ አንድ ጥቅል ወረወሩለት። ማንግ ሱጋንዳ መጋዙን እንደያዙ ቆመው ነበር፣ ማስቀመጥም መቁረጥም አቅቷቸው። ከዚያ፣ ጉሚላር ሁለቱን ጊታር ከወሰደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያ ወጣት የዚያኑ ቀን መጣ። እንደ ልማዱ አንድ እግሩን ብቻ ወደ ውስጥ አስገብቶ "ማንግ" አለ ፈራ ተባ እያለ፣ "ያችን ፔ..."

ማንግ ሱጋንዳ ከአልጋው ሥር ሌላ ሳንቃ እየጎተቱ ስለነበር አልሰሙትም። ቢ ኤሮህ ሽንኩርት ይመዝናሉ። በኪሏቸው ፋንታ ሚዛኑ ላይ ያለው ድንጋይ ነው። ቀና ብለው አዩት።

"የቱን ፔ?" አሉት።